የደጉ ገመድ ልጓም

ደጉን ያገኙት ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ራሱ በዘረጋው ገመድ ሥር፣ ስንዴ ተበትኖበት ነው። ጆንያ የተጫነበት ሣጥን ከላይ ወርዶ ደረቱ ላይ አርፎ ነበር። ተሸካሚዎቹ ተረባርበው ሲያነሱለት አንዲት ቃል እንኳ አልወጣውም። ሚስቱ ሥርጉት ደርሳ ፊቱ ላይ የተጣበቀውን ስንዴ በእጇ ስትጠርግ፣ ከበዋት የቆሙት ሰዎች ግን ሬሳውን አይደለም የሚያዩት፤ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ነው። አይፈረድባቸውም። ዘመኑ የጣሊያን ነው። የኮምቦልቻው ወፍጮ ዱቄት የሚሄደው ለጣሊያን መንገድ ሠራተኞች ነው። ጣሊያን ዘንድ ደግሞ ነገር ሲሰበር «ተሰበረ» አይባልም፣ «ሰበሩት» ነው የሚባለው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል።

ገመዱ የደጉ ፈጠራ ነው። ዱሮ የደጋው እህል በአህያ ጀርባ ዳገቱን ቁልቁል ሲንፏቀቅ ይውል ነበር። ደጉ ከገደሉ አፋፍ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የብረት ገመድ ዘረጋና በላዩ ሁለት ሣጥን አንጠለጠለ፤ የተጫነው በክብደቱ ሲወርድ ባዶውን ይስባል። አፋፉ ላይ ገመዱ የሚዞርበት ትልቅ መዘውር አለ። መዘውሩን የሚይዘው የወይራ እንጨት ሲሆን፣ ሰው እጀታውን ሲስብ እንጨቱ መዘውሩን ነክሶ ሩጫውን ይገታል። ይህንን «ልጓም» ይሉታል። ልጓሙን የሚስበው ሰይድ ነበር። አሁን ሰይድ ከወፍጮ ቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሯል፤ ባለ ወፍጮው በላቸው ወደ ደሴ መልእክት ልኳል፤ መልሱም መጥቷል። የጣሊያኑ መኮንን ከቀትር በኋላ ይመጣል፣ መስቀያ ይዘጋጅ።

የሰይድ ሚስት መዲና ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጣ ዳኛ አብዱልወሀብ ብሩ ደጅ ላይ ወደቀች። ዳኛው ጣሊያን ሲገባ ከወንበራቸው ወርደዋል፤ አገሬው ግን ነገር ሲጠፋበት አሁንም አውጫጭኝ የሚያስቀምጠው እሳቸውን ነው። አውጫጭኝ ላይ ሁሉም ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይነሣም።

«አባ ዳኛ፣ በአላህ ይድረሱልኝ! ሰይድን ሊሰቅሉብኝ ነው!»

«ምን አደረገ ብለው?»

«ልጓሙን ለቀቀው ብለው። ወላሂ አልለቀቀም! ስቤ ነበር፣ አልያዘም ነው የሚለው። ማን ይስማው?»

«አብሽሪ፣ ልጄ። እኔ እሰማዋለሁ።»

በቅሏቸውን ጭነው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ።

ሰይድን ምሰሶው ሥር ቁጢጥ እንዳለ አገኙት። ከንፈሩ ደርቋል።

«እንደ ወትሮዬ ነው የሳብኩት፣ ዳኛ» አለ። «ሁልጊዜ ስስበው ክብድ ይለኛል። ዛሬ ክብድ አላለኝም። እንጨቱ መዘውሩን ነካው፣ ግን አልነከሰውም። በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። መዘውሩ አልቆም ብሎኝ ሮጠ።»

«ደጉስ ለምን ከሥር ቆመ?»

«የቀኑ የመጀመሪያ ጭነት ሲወርድ ሁልጊዜም ከሥር ይቆማል። ገመዱ የተዘረጋ ሰሞን ተሸካሚው ሁሉ ፈርቶ አልጠጋ ብሎ ነበር። ‹እኔ ከሥሩ ስቆም ካያችሁ እናንተ ምን አስፈራችሁ?› አላቸው። ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረገው።»

«ይህን ልማዱን ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?» አለ። «ዳኛ፣ እውነት ይሰቅሉኛል?»

ዳኛው ትከሻውን ነካ አድርገው ወደ በላቸው ገቡ።

በላቸው ወፍራም ሰው ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ወፍራም ሰው ላይ ቶሎ ይታያል። ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል፣ መልሶ ያልበዋል። ፊት ለፊቱ ለመኮንኑ ያዘጋጀው ጠርሙስና ሥጋ ተደርድሯል። በሁዳዴ! ሰውዬው ጣሊያኖቹን እንዳያስቀይም ብሎ ከነሱ ጋር እየበላ ጾሙን ከተወ ሰንብቷል፤ ሰፈሩም ሲያማው ሰንብቷል።

«ሰይድ ነው ያልከው በምን አውቀህ ነው?»

«ልጓሙ ላይ የነበረው እሱ ነዋ! ደግሞስ ምን ላድርግ፣ ዳኛ? አንድ ሰው ካልሰጠኋቸው ሁላችንንም ነው የሚወስዱን።»

«ስለዚህ መረጥክላቸው።»

በላቸው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ትናንት ማታ ወይ ዛሬ ማለዳ ወደ መዘውሩ ቤት ወጥተህ ነበር?»

«እኔ? በዚህ ሆዴ ያንን ዳገት? ቁልፉ ያለው ሰይድና ሞላልኝ ጋ ነው። ሞላልኝ ማለዳ እየወጣ የመዘውሩን ዘንግ የኑግ ዘይት ያጠጣዋል።»

አናጢው ሞላልኝ ከሬሳው ራስጌ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ቀጭን፣ ጸሎተኛ፣ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነው። ከደጉ ጋር ገመዱን ጎን ለጎን ሆነው ነው የሠሩት። ዳኛው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ልጓሙ ምን ነካው ትላለህ?»

«ልጓሙ እንከን የለውም። በእጄ የጠረብኩት ነው። ግን ሰው ካልሳበው እንጨት ብቻውን ምን ይይዛል፣ አባቴ?»

«ልጓሙን ያሰብከው አንተ ነህ ወይስ ደጉ?»

ሞላልኝ ለቅሶውን አቆመ። «እኔ ነኝ። ምን ዋጋ አለው? ሁሉም የደጉ ገመድ ነው የሚለው።»

«የጣሊያኑ መሐንዲስ ይህን ገመድ እስከ ደሴ ሊያስዘረጋው ነው ሲባል ሰምቻለሁ።»

«አዎ። ደጉን ካፖ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ ሊያደርገው ነበር።»

«አንተንስ?»

«እኔ አናጢ ነኝ» አለና ፊቱን አዞረ። «እዚሁ አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ። ሣጥኑ ሲበር ዓይኔ እያየ!»

ዳኛው ከዚያ በኋላ ዳገቱን ወጡ። የመዘውሩ ቤት የቆርቆሮ ጎጆ ናት። በር ላይ ሲደርሱ ቁልቁል ቢያዩ የደሴ መንገድ ጠመዝማዛ ሁሉ ወለል ብሎ ታያቸው፤ ገና ምንም የለበትም። የለበትም ብለው ግን አልተረጋጉም። ልጓሙን ጎንበስ ብለው መረመሩት። ላዩን እብቅ ሸፍኖታል። በጥፍራቸው ቢፍቁት ከእብቁ ሥር ነጭ ነገር ወጣ። አሸተቱት። የኑግ ዘይት አይደለም፤ ሞራ ነው። ሞራ የተቀባ እንጨት ምን መዘውር ይነክሳል? ሰይድ እውነቱን ነው። ሆኖም ይህ ነገር ሰይድን የሚያድነው ሳይሆን ጨርሶ የሚሰቅለው ነው፤ በሁዳዴ ክርስቲያን ቤት ከብት አይታረድም፣ ትኩስ ሞራ የሚገኘው እስላም ቤት ብቻ ነው።

ከወለሉ ሳንቃ ሥር የተጨማደደ የጉሎ ቅጠል አገኙ። ቢዘረጉት ውስጡ በሞራ ያብለጨልጫል፣ የጣት አሻራም ታትሞበታል። ቅጠሉን ይዘው ብዙ ቆዩ። እናታቸው ወለተ ማርያም ክርስቲያን፣ አባታቸው እስላም ነበሩ። እናታቸው በጾም ወራት የባላቸውን ሥጋ ከሞሰቡ ወደ ድስቱ የሚያነሱት በጉሎ ቅጠል ነበር፤ ቅባቱ እጃቸውን እንዳይነካው። ዳኛው የልጓሙን እንጨት ፈቱ፣ በጆንያ ጠቀለሉት፣ ቅጠሉን ኪሳቸው ከተው ወረዱ።

መዲናን ለብቻዋ ጠርተው «ከቤትሽ ሞራ የወሰደ ሰው አለ?» አሏት።

ፊቷ አመድ መሰለ። አልማለችም፣ አልካደችም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ዳኛው አልጫኗትም።

አውጫጭኙ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ፤ ተሸካሚው፣ በላቸው፣ ሞላልኝ፣ ሥርጉት፣ መዲና፣ ለለቅሶ የመጡት ሴቶችም። ሰይድን ሳይፈቱት ምሰሶው ላይ እንዳለ ፊቱን ወደ ሰዉ አዞሩት። ዳኛው ወደ መሐል ከመግባታቸው በፊት ጥጉ ላይ ጎንበስ ብለው እንጨቱ ላይ እፍኝ ዱቄት ነሰነሱበት። ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት ያልለበሰ ነገር የለምና ማንም ልብ አላለውም።

«ደጉን የገደለው ይህ ነው» አሉ እንጨቱን በሁለት ጫፉ አንሥተው። «እያንዳንዳችሁ በመዳፋችሁ ይዛችሁት እጄ ንጹሕ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ሞላልኝ፣ የሟች ባልንጀራ አንተ ነህ፣ ጀምር።»

ሞላልኝ ተነሣ። እጁን ሊዘረጋ ሲል የጋቢውን ጫፍ ሳብ አድርጎ መዳፉ ላይ ጣለና እንጨቱን በጋቢው ተቀበለ። እጁ ነው ከሐሳቡ ቀድሞ የሄደው።

«ጋቢው ለምን አስፈለገህ?»

«ያው… ጾም አይደል? እጄን…»

«ጾም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የያዝከው ግን እንጨት ነው። እንጨት ያስገድፋል እንዴ?»

ዳኛው ወደ ሥርጉት ዞሩ።

«ሥርጉት፣ ልጄ፣ እንጨቱ ላይ ምን ይታይሻል?»

«ዱቄት።»

«በላቸው፣ ና ያዘው።»

በላቸው ባዶ እጁን ሰዶ ያዘና ደነገጠ። «ኧረ! ምንድን ነው ይሄ? ቅባት ነው እኮ!» ብሎ እጁን በኮቱ ጠረገ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ ዳኛው። «እንጨቱ ሞራ ተቀብቷል። ሰይድ ስቦ አልያዘም ያለው ለዚህ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ በዓይንም አይታይም፣ ሥርጉት ያየችው ዱቄት ነው፣ በላቸውም እስኪነካው አላወቀም። ሳይነካው ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሞራውን የቀባው ሰው ደግሞ በዚህ ቅጠል ይዞ ነው የቀባው። ሰይድ ቢሆን በቅጠል ምን ያደርጋል? የቤቱ ሞራ ነው፣ ሐላሉ ነው። በላቸው ቢሆን ምን ያደርጋል? ጾሙን የተወ ሰው ነው። በሁዳዴ ሞራ በእጁ መንካት የሚያስፈራው ሰው ነው የቀባው። እጁ እንዳይገድፍ ፈራ፤ ሰው መግደሉን ግን አልፈራም!»

መዲና እየተንቀጠቀጠች ተነሣች። «እኔ ነኝ የሰጠሁት! ሞላልኝ ጠፍር ላለስልስበት ብሎ ትናንት ከቤቴ ወሰደ። ከቤታችሁ ነው የወጣው ብለው ሰይድን እንዳይገድሉብኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ሞላልኝ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። «ላሳፍረው ነበር! በማርያም፣ ላሳፍረው ብቻ ነበር። ሣጥኑ ቢከሰከስ መሐንዲሱ ይስቅበታል፣ ደሴንም ይነሣዋል ብዬ ነው።»

«የመጀመሪያው ጭነት ሲወርድ ከሥር እንደሚቆም አታውቅም ነበር?»

ሞላልኝ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«አጠገቡ ነበርኩ ብለኸኛል። ዞር በል ብትለው ይሰማህ ነበር። ዞር ያልከው ግን አንተ ብቻ ነህ።»

«አባቴ፣ ለሽማግሌ ስጡኝ! ደሙን ልካስ፣ አገር ልልቀቅ። ለጣሊያን ብቻ አትስጡኝ!»

ያን ጊዜ ሥርጉት ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ሰይድንስ ለማን ሰጥተኸው ነበር?» አለችው።

ሰይድን ፈቱት። ገና እጁን እያሻሸ ሳለ የካሚዮን ድምፅ ተሰማ። አንዲት ሴት ሕፃኗን ጡት አጉርሳ አፉን ዘጋች። መኮንኑ ከወታደሮቹ ጋር ገባ፤ ቱርጁማኑ ከኋላው ነው።

«ገመዱን ያበላሸው ማነው?» አለ ቱርጁማኑ።

መኮንኑ ዓይኑን ሰው ላይ ሲያንከራትት የሰይድ እጅ ላይ ያለውን የገመድ ሰንበር አየ። አንገቱን ነቀነቀ፣ ሁለት ወታደሮች ሰይድን ከመሬት አነሱት። መዲና ጮኸች።

«እሱ አይደለም!» አሉ ዳኛው ተነሥተው።

«እሺ፣ ማነው ታዲያ?»

ዳኛው የሞላልኝን ስም ሊጠሩ አልቻሉም። በወንበር ዘመናቸው ሁሉ በብዙ ሰው ላይ ፈርደዋል፤ አንድም ሰው ግን ለማይፈርድ እጅ አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም። ወታደሮቹ ሰይድን ወደ በሩ እየጎተቱት ነው። ሞላልኝ ሥርጉትን አየ። ሥርጉት ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም፣ አልራራችለትም፣ አልጠቆመችበትምም። እያየችው ብቻ ቆየች።

ሞላልኝ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሰይድ ስቦ ነበር።»

ቱርጁማኑ ሲተረጉም ለአፍታ አመነታ። ወታደሮቹ ሰይድን ለቀው ሞላልኝን ያዙት፤ ሰይድ እዚያው ደጃፉ ላይ ዘፍ አለ። ካሚዮኑ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ዳኛ አብዱልወሀብ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ተቀመጡ። ሥርጉት ወደ ባሏ ሬሳ ተመለሰችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ሴቶቹም አብረዋት ለቅሶውን አነሱት። ተሸካሚው አንድ በአንድ ወጣ። ሰይድ ግን ከወደቀበት አልተነሣም።

«ሄዱ?» አለ።

«ሄዱ» አለችው መዲና። «ተነሥ፣ ቤታችን እንግባ።»

«መንገዱን እይ እስቲ።»

መዲና ወጥታ ዓይኗን በእጇ ከልላ የደሴን መንገድ አየችና ተመለሰች። «ማንም የለም። አልሐምዱሊላህ በል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰይድ፣ አልተነሣም ግን። «አንዴ ድገሚና እይልኝ።»

መዲና አልተቆጣችውም። እንደገና ወጥታ አየችለት።