በጅሩ ክንድ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ

«እንዳትነኩት ብያለሁ!» ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ጮኸች። የፊልም ተዋናዩ ጅሩ የገዘር ዳገት ጠርዝ ላይ ከነብስክሌቱ ተዘርሯል። እየነዳ ነው ልቡ ቀጥ ያለችው። የሚቀረጸው ፊልም ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ጉልበት የሚሰጥ መርፌ እየተወጋ ስለሚወዳደር ብስክሌተኛ ነው! ወሬው ጅንካ ገብቷል፦ «ልጁ የእውነቱን ተወግቶ ሞተ!»

እህቱ ሙሉሽ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ «ጅሩ መርፌ አይነካም፤ ጌታ ያውቃል። ስሙን ሳላነጻ እንዴት ልቅበረው?» ትላለች።

ክንዱ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

«አሰልጣኝ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ያለምወርቅ።

ዳርጌ የጅሩ የድሮ አሰልጣኝ ነው፤ ፊልሙን ሊያማክር ትላንት ነው የመጣው። «የሜካፕ ቀለም ነዋ! ትላንት ሲወጋ ተቀረጸ፣ ዛሬ ምልክቱ መታየት አለበት።»

ያለምወርቅ በእርጥብ ጥጥ ጠረገችው። ቀለሙ ለቀቀ። ከሥሩ የእውነት የመርፌ ቀዳዳ ብቅ አለ።

ሜካፕ ሠሪዋ ሶሲ አመድ መሰለች። «እኔ ዛሬ ክንዱን አልነካሁም! የቀለም ሳጥኔ ግን እዚህ ጎን ያለው ድንኳን ውስጥ ክፍት ነበር።»

«አዎ፣ መልአክ ቀባው!» አለ ዳርጌ።

«ዳይሬክተር ንጉሤ፣ ዛሬ የቱን ነበር የምትቀርጹት?» አለች ያለምወርቅ።

«የፊልሙን መጀመሪያ፤ ባለታሪኩ ገና መርፌ የሚባል ሳያውቅ። ትላንት ዝናብ ስለነበር የመርፌውን፣ የቤት ውስጡን አስቀደምን። ፊልም በተራ አይሠራም።»

ያለምወርቅ ሁሉንም ሰበሰበች።

«የቀባው ሰው ቀዳዳው የፊልም ነው ተብሎ እንዲታለፍለት ነው። ሶሲና ንጉሤ ግን ዛሬ ክንዱ ንጹሕ መሆን እንዳለበት ያውቃሉ፤ ቀለሙ ራሱ ያጋልጣቸዋል። የቀባው ዛሬ የትላንት ቀጣይ ነው ብሎ የሚያስብ፣ ለፊልም ሥራ እንግዳ የሆነ ሰው ነው። አሁን በአፍህ ነገርከኝ፣ ዳርጌ። ልጁ ሲወድቅ ሁሉም መኪና ፍለጋ ሲሮጥ አጠገቡ የቀረኸውስ አንተ አይደለህ?»

ዳርጌ እጁ ታስሮ መኪና ሲገባ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«አስገድጄው አይደለም። ‹ካሜራ ፊት እንደ ድሮው ልብረር› ብሎ ራሱ ለመነኝ። እኔ መጠኑን አበዛሁት።»

ያለምወርቅ ክንዱን አይታዋለች፤ የትግል ምልክት የለበትም። አመነችው።

ሙሉሽ መጥታ እጇን ጨበጠቻት። «በግድ ነው አይደል የወጋው? በግድ ነው ይበሉኝና ልቅበረው።»

ሰዉ ሁሉ ከያለምወርቅ አፍ የሚወጣውን እየጠበቀ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?