ውሃ ያልጠማት ቲማቲም

አቶ ገብረወልድ የሞቱት በገዛ ጓሯቸው፣ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ከእናቷ ቤት አድራ እሑድ ማለዳ የተመለሰችው ሠራተኛቸው ደራርቱ ቀድማ አገኘቻቸውና ሰፈሩን በጩኸት አናጋችው። ማጅራታቸው በከባድ ነገር ተመትቷል፤ የብረቱ ዘነዘናም ከሙቀጫው ጠፍቷል። ወጥ ቤቱን የምትይዘው እሷ፣ በዘነዘናው የምትወቅጠው እሷ፤ የነቀምቴ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ገዳይቱ እሷ ናት ተባለ።

መቶ አለቃ ነመራ ለሌላ ጉዳይ ጊዳ አያና ሰንብቶ ሲመለስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ደራርቱ እጇ ታስሮ፣ በፖሊስ ተጠብቃ ከግቢው ጥግ ተቀምጣለች፤ ማምሻውን ወደ ወህኒ ልትወርድ ነው። አለቆቹ «አንድ ቃል ተቀብለህ ፈርም፤ ነገሩ ያለቀ ነው» ብለውታል። ነመራ ግን ያለቀ ነገር አይወድም። ሚስቱ ቀለሟ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የሚገባው ለመተኛት ብቻ ስለሆነ፣ የሚያስቸኩለውም አልነበረም።

«ቅዳሜ መቼ ወጣሽ?» አላት ደራርቱን።

«ከቀትር በኋላ ነው፣ ጎፍታ። ቲማቲሞቹን አስሬ ጨርሼ ወጣሁ። የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ከእንጨታቸው ጋር በቃጫ የማስራቸው እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«አንድም አልቀረኝ። ዘነዘናውም ከቦታው ነበር፤ ዋቃ ምስክሬ ነው!»

የሟች ልጅ ወይዘሮ ካሰች በጥቁር ነጠላዋ ተጠቅልላ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። «ትዋሻለች! አባቴን ወደ አዲስ አበባ ልወስደው እንደሆነ በሾፌር መልእክት ልኬለት ነበር። እሑድ ቀትር ላይ ብደርስ ሬሳውን ገንዘው ጠበቁኝ። እንጀራዬ ሊቀርብኝ ነው ብላ ነው የገደለችው!»

«እኔ መሄዳቸውን የሰማሁት ከለቅሶው ላይ ነው» አለች ደራርቱ።

ነመራ ወደ ጓሮው ዞረ። እዚያ የሟች ጎረቤትና የገበጣ ወዳጅ፣ ልብስ ሰፊው ኦቦ ሞረዳ፣ በቆርቆሮ ውሃ እየቀዱ ቲማቲሞቹን ያጠጣሉ። በለቅሶ ቤት ሥራ ጎረቤት ማገዙ ወግ ነውና ማንም ልብ ብሎ አላያቸውም።

«ኦቦ ሞረዳ፣ አካም ጂርቱ?»

«ምን መኖር አለ ልጄ! ልጅቱ ታስራለች፤ እነዚህን ማን ያጠጣቸው? የወዳጄ አደራ ናቸው።»

ነመራ ሆዱ ባባ። እሱ ቢሞት ማን አንድ ጣሳ ውሃ ይዞ በጓሮው ይዞራል? በሟቹ ቀና፤ በሞተ ሰው መቅናቱ ግን አሳፈረው።

ፀሐዩ መሀል አናት ላይ ስለነበር ቲማቲሞቹ ሁሉ ቅጠላቸውን ትንሽ ጣል አድርገዋል። ከአጥሩ ሥር ያለችው አንዷ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥላለች፤ የታች ቅጠሏም ቢጫ ሆኗል።

«ይቺ ምን ነካት?»

«ውሃ ጠምቷታል። ለሷ እጥፍ አድርጌ እሰጣታለሁ፤ እምቢ አለችኝ።»

«ምናልባት ኮትኩተዋት ይሆን?»

«እኔ? ገብሬ በሕይወት እያለ እንኳ አያስነካኝም ነበር። ‹አንተ ጨርቅህን ስፋ› ነው የሚለኝ። ውሃ ብቻ ነው የማፈሰው፤ ጣቴን አላሳረፍኩባትም።»

ነመራ አመስግኖ ወጣ። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል፤ ያን ቀን ግን እኚህን ሽማግሌ መጠርጠር አልፈለገም።

ፀሐይ ስትበርድ ተመልሶ መጣ። ሌሎቹ ቲማቲሞች ቀና ብለዋል፤ የአጥር ሥሯ እንደተደፋች ናት። ጣቱን ከአፈሩ ውስጥ ሰደደ። ጭቃ ነው። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያዋን አየ፤ የሌሎቹንም አንድ በአንድ ተመለከተ። ከዚያ ፖሊሱን ጠርቶ «ሁሉንም ወደዚህ አምጣልኝ» አለው።

ደራርቱ፣ ካሰችና ኦቦ ሞረዳ በቲማቲሙ መደብ ዳር ቆሙ።

«ባለቤቴ ቲማቲም ትተክል ነበር» ብሎ ጀመረ ነመራ። «ስትሞት ተክሎቿ እንዳይሞቱብኝ ብዬ ጧትና ማታ ውሃ ደፋሁባቸው። ጠወለጉ። ጠምቷቸው ነው ብዬ ጨመርኩ፤ ሥራቸው በስብሶ ሁሉም ሞቱ። ያኔ የገባኝን ልንገራችሁ። የጠማው ተክል አፈሩ ደረቅ ነው። በፀሐይ የደከመ ደግሞ ሲመሽ ይነሣል። አፈሩ ጭቃ ሆኖ፣ ሲመሽም ያልተነሣ ግን ነገሩ ከሥሩ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ከአባቴ ሞት ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለች ካሰች።

«ደራርቱ ቅዳሜ ሁሉንም በቃጫ አስራለች፤ የቀሩት ዐሥሩ አሁንም በቃጫ እንደታሰሩ ናቸው። ይቺ ብቻ ከጠርዙ በተቀደደ ካኪ ታስራለች። ከቅዳሜ በኋላ አንድ ሰው ነቅሎ መልሶ ተክሏታል። ቃጫው ሲበጠስበት ከኪሱ ባገኘው ቁራጭ ጨርቅ አሰራት።»

ግንዷን ይዞ ሳብ አደረጋት። የተቆረጠ ሥሯን ይዛ ያለ ትግል ወጣች። ከሥሯ ጭቃ የለበሰው ዘነዘና ታየ።

«ኦቦ ሞረዳ፣ ጣቴን አላሳረፍኩባትም አሉኝ። በዚህ ግቢ ካኪ የሚቆርጥ ሰው ግን ማነው? እንዳትደርቅና ሰው እንዳይነቅላት ነው እጥፍ ያጠጧት።»

ሽማግሌው የያዙት ቆርቆሮ ከእጃቸው ወደቀ።

«ገበጣችንን ጨርሰን ‹ሞረዳ፣ ልሄድ ነው› አለኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለተነቀለችው ቲማቲም። «‹እኔንስ ለማን ትተህ?› አልኩት። ሳቀ። ‹ቲማቲሞቹን ለደራርቱ፣ ገበጣውን ላንተ› አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ገበጣን ለብቻ እንዴት ይጫወቱታል፣ ልጄ? ሊመታው የተነሣው እጄ እንጂ ልቤ አልነበረም።»

ካሰች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፖሊሱ ሽማግሌውን ደግፎ ወሰዳቸው። የሚያስከትሉት ሰው አልነበራቸውም።

ደራርቱ የተፈታ እጇን እያሻሸች መደቡን አየች። ቆርቆሮውን አነሣች።

«ላጠጣቸው፣ ጎፍታ?»

ነመራ አፈሩን ዳሰሰ። «ዛሬ ይበቃቸዋል። ነገ።»

«ነገ ይመጣሉ?»

ጉዳዩ አልቋል፤ ነገ እዚህ የሚያመጣው ምንም የመንግሥት ሥራ የለውም።

«እመጣለሁ» አላት።