ሜሞሪ የተቀበለው ማሽን

ቴክኒሻኑ ሰርቨሮቹ ባሉበት ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። መርማሪዋ ከበላዩ ጎንበስ ብላ ስታየው የክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ እንቁላል በዳቦውን ይገምጣል። ጣቱን ላሰና የተረፈውን ቅባት ሟቹ መስቀያ ላይ በተወው ጃኬት ጠረገ። ሃያ ዓመት ሬሳ ስታይ የኖረችው ሴትዮ ያን ጊዜ ፊቷን አዞረች።

«የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው» አለ እያላመጠ። «ሽታ የለውም፤ አየር አሳጥቶ ይገድላል። አሁን በሩ ተከፍቶ አየር ገብቷል። ደወሉ መጮህ ነበረበት። ለምን እንዳልጮኸ ያቺን ይጠይቋት።»

ያቺ የተባለችው ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር ያልሞላት ኦፕሬተር ነበረች። ሙያውን ያስተማራት ሟቹ ነው። ዐይኗ አብጦ ፊቷን አጥፍቶታል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ደወሉን የሚያስጮኸው ማሽን ሜሞሪ አጥሮት ነበር። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራዬ ደርሶ ስገባ ሳላጠፋው ጨመርኩለት። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ ለሥራ ውጭ ነበር፤ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሶ ገባ፣ በዚያው ቀረ።»

«ማሽኑ የቱ ነው ልጄ?»

«ለብቻው የቆመ ዕቃ አይደለም። ትልቁ ሰርቨር ውስጥ ሃያ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለት በፕሮግራም ብቻ ያሉ ኮምፒውተሮች፣ አሉ፤ እንደ አንድ ግቢ ተከራዮች ሜሞሪውን ይካፈላሉ። የጋዙ ጠቋሚ የተሰካበት ካርድ ግን በቀጥታ ለዚህኛው ብቻ ተሰጥቷል። አሁን ሳየው ካርዱ ከእጁ ወጥቷል።»

«ሜሞሪ ስትጨምርበት ጣለዋ!» አለ ኃላፊው። «ይዘዋት ይሂዱ እንጂ ምን ያዘገይዎታል?»

መርማሪዋ በረንዳ ላይ የተቀመጠውን የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ጠራችው።

«ቧንቧው እንደሚያፈስ ትናንት ጠዋት ለአለቃው ነግሬያለሁ» አለ። «ደወሉ ጆሮ ይበጥስ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ እንግዶች አሉብኝ፣ ነገ ና አሉኝ። ከምሳ በኋላ ዕቃዬን ልወስድ ስመለስ ጭጭ ብሏል። የሠሩት መሰለኝ።»

«ውሸታም!» አለ ኃላፊው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ደህና ነበር፤ ካርዱም ቦታው ላይ ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እምላለሁ!»

ግድግዳው ላይ ለእንግዶቹ የተለጠፈው «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ወረቀት በጠርዙ ሌላ ወረቀት ያሳያል፤ መርማሪዋ በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ከሥሩ በሟቹ እጅ የተጻፈ ሌላ ወረቀት ነበር። አነበበችውና ሁሉንም ኮምፒውተሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ካርዱን መልሺለትና ማሽኑን አስነሺው» አለቻት ኦፕሬተሯን። «አሁን እንደ ትናንቱ ሳታጠፊ ሜሞሪ ጨምሪ።»

ልጅቷ ካርዱን መልሳ አዘዘችው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ አይቻልም። ደግማ ሞከረች፤ አይቻልም።

«ሟቹ ጽፎት ነበር» አለች መርማሪዋ፤ ወረቀቱን አነበበችላቸው። «ካርድ የያዘ ማሽን እየሠራ ሜሞሪ አይቀበልም። መጀመሪያ አጥፉት፣ ይላል። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ተቀብሏል። ስለዚህ ካርዱ ቀድሞ ተነጥቋል፤ ልጅቷ የነካችው ባዶ እጁን የቀረ ማሽን ነው። ካርድ መመለስ ማንም ይችላል፤ ለመንጠቅ ግን የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ወረቀቱ እንደሚለው የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሟቹና ኃላፊው። አንዱ ውጭ ውሎ መጥቶ ሞተ።»

ኃላፊው ዳቦውን አስቀመጠ። «ለአንድ ቀን ብቻ ነው ዝም ያሰኘሁት። እንግዶቹ ፊት ይጩህብኝ? ማንም ይገባል ብዬ አላሰብኩም።»

«እንግዶቹንስ ክፍሉ ውስጥ አስገብተዋቸው ነበር?»

ኃላፊው ወደ በሩ አየ።

«ከውጭ በመስታወቱ በኩል ነው ያሳያቸው» አለ ጠጋኙ ቀስ ብሎ።

«ለእነሱ ጋዙ ትዝ ብሎሃል» አለች መርማሪዋ፤ አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል። «ለሱ ግን አንድ ቃል አልተነፈስክም። ከሞተ በኋላም ልጅቷን ልታሳስርበት ፈለግህ። ካንተ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መተንፈስ ያስጠላል። ውጣ!»

ሲወጣ ዳቦውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ፤ ጠጋኙ ነጥቆ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

ኦፕሬተሯ የጋሼዋን ጃኬት ከመስቀያው አወረደች። መታጠቢያው ጋ ወስዳ የእንቁላሉን ቅባት በሳሙና ታሽ ጀመር፤ እስኪለቅም አልተወችውም።