አርባ ሦስተኛው ጥቅል

ወረቀቷን ያየቻት ዘግይታ ነው። ሬሳው በአምቡላንስ ከሄደ፣ ሐኪሙ «ከመሰላል ወድቆ» ብሎ ከፈረመ፣ ፎቶ አንሺውም ዕቃውን ከሸከፈ በኋላ። መርማሪዋ የመጋዘኑን መብራት ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ ከመሰላሉ እግር ሥር የአንዲት ወረቀት ጥግ ብቅ ብላ አየች። ጎንበስ ብላ ሳበቻት፤ እንቢ አለች። መሰላሉ ካልተነሣ የምትወጣ አልነበረችም።

«ምነው ባላየሁሽ» አለች በሆዷ።

ሰው ወረቀት ይዞ ከመሰላል ቢወድቅ ወረቀቱ እላዩ ላይ ወይም ዙሪያውን ይበተናል እንጂ ከቆመ መሰላል እግር ሥር አይገባም። መሰላሉ የቆመው ወረቀቱ መሬት ከወደቀ በኋላ ነው። በወረቀት የሚተዳደር ሰው ደግሞ ወረቀት ረግጦ መሰላል አያቆምም፤ ያቆመው ሟቹ ሊሆን አይችልም።

ለአለቃዋ ደወለች። አለቃዋ ነገር አያስረዝምም። «ግድያ ከሆነማ ማታ ከሟቹ ጋር ሕንፃው ውስጥ የቀረችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጠዋት ያገኘችውም እሷ ናት። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ እሷን ይዘሻት ነይ።»

ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል። የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩ ላይ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሦስት ልጆች አሏት። መርማሪዋ አንዲት ወረቀት በማየቷ የሦስት ልጆችን እናት ወደ እስር ቤት አፋፍ እንደገፋቻት ገባት።

ቦታው የጥናት መሥሪያ ቤት ነው። ጠያቂዎቹ አገር ምድሩን በእግር እየዞሩ ቤት ያንኳኳሉ፤ ስንት ሰው ይኖራል፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ እናት ስንት ወለደች፣ ስንቱስ በሕይወት አለ እያሉ ይጠይቃሉ። የተሞላው ቅጽ በየመንደሩ ይታሰርና ቁጥር ተሰጥቶት እዚህ መጋዘን ይገባል። ከዚያ አራሚው በቀይ ብዕሩ ያየዋል፤ እሱ ያላሳለፈው ቅጽ ኮምፒውተር አይገባም። የሞተው ይኸው አራሚ ነው። ሠራተኛው «ዜሮ አምስት» ይለዋል።

መጀመሪያ ኃላፊው ዘንድ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስታወት ተነጥፏል፤ አንድም ጭረት የለበትም።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን» አለ ኃላፊው ግንባሩን እያሸ። «ጉልበቱን እያመመው አርባ ሦስተኛውን ጥቅል አወርዳለሁ ብሎ ሕይወቱን አጣ።»

«እርስዎ ትናንት መቼ ወጡ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት። ዘበኛው የመኪናዬን መውጫ መዝግቧል። ዛሬም ስብሰባ ነበረብኝ፤ የደረስኩት ሬሳው ከተነሣ በኋላ ነው። አልቅሼ እንኳን አልወጣልኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሚመጣው ሳምንት ሪፖርታችን ይወጣል። የሕፃናት ሞት ቀንሷል፤ አገር የሚደሰትበት ቁጥር ነው። እባክዎ በወሬ አያቆሽሹብን።»

ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ልጅ ሁለተኛዋ ነበረች። ስታወራም ጣቶቿ ጠረጴዛውን ይመታሉ።

«ዜሮ አምስት ለምን ተባሉ?»

ልጅቱ ሳቀች፤ ሰው ሞቶ መሳቋ ትዝ ሲላት አፏን ያዘች። «ገጠር ገብተው አንዲት ሴት ዕድሜሽ ስንት ነው ቢሏት፣ ሠላሳ ይሆነኛል፣ ለባሌ አርባ በለው፣ ለእናቴ ስልሳ አምስት ጻፍላት ነው መልሷ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው ብሎ የሚቆጥር የለም። ስለዚህ እውነተኛ ቅጽ በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ ይበዛበታል። እሳቸው ገለጥ ገለጥ ያደርጉና፣ ዜሮና አምስት ካነሰባቸው ‹ይኼ ሰውዬ ቤት አላንኳኳም፤ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ነው የሞላው› ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።»

«ኃላፊውስ ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ሲወጡ አይተሻል?»

ጣቶቿ ቆሙ። «መኪናቸው ወጥታለች። መኪናዋ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ልጆቻቸውን ልታመጣ ትወጣለች። ሾፌሩን ይጠይቁት። እኔ አልተናገርኩም፤ የእንጀራዬ ነገር ነው።»

መርማሪዋ ሾፌሩ ጋ ደወለች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ሄዳ ከባልዲዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ያልነገሩኝ ነገር አለ።»

ሴትዮዋ የመጥረጊያ ጨርቋን ጠመዘዘች። «ወረቀቱን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ፊታቸው ላይ ሁሉ ተበትኖ ነበር። ሰው እንደ ቆሻሻ ወረቀት ለብሶ ሳይ አልቻልኩም። አርባ ሦስት ይላል፤ አሰርኩና መደርደሪያው ላይ ቁጥሩ ጋ መለስኩት። አንዷ ከመሰላሉ ሥር አልወጣ አለችኝ። ከዚያ ነው ሰው የጠራሁት።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለማን እነግራለሁ? ነካካሽ ብለው ቢያስሩኝ ልጆቼ ማን አላቸው?»

መርማሪዋ ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣባት የልጇ መታመም ነው። መሰላሉን በሁለት ሰው አስነስታ ወረቀቷን አወጣች፤ ራስጌዋ ላይ አርባ ሦስት ይላል። ጥቅሉንም ከመደርደሪያው አወረደችና የመስክ ተቆጣጣሪውን አስጠራች። መንደሩን ያስጠናው እሱ ነው። ጫማ አይበረክትለትም ብለው «እግረኛው» የሚሉት ሰው ነው።

እግረኛው ቅጾቹን ገለጠና ፊቱን አጠቆረ። «የጠያቂ ልጆቼ ጽሑፍ አይደለም። እነሱ የሚጽፉት ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ብዕሩ ወረቀቱን ይበሳዋል። ላብ አለው፣ አቧራ አለው። ይኼ የሙሽራ መጎናጸፊያ ይመስላል።» ከመካከል አንዷን መዘዘ። «ይህችን ሴት ራሴ ነኝ የጠየቅኳት። አራት ወልጄ ሁለት ቀበርኩ ብላኛለች። እዚህ አራት ወለደች፣ አራቱም አሉ ይላል።»

መርማሪዋ የወረቀቱን ጀርባ በጣቷ ዳበሰችው። ልስልስ ነው፤ የብዕር ጉብታ የለውም። ዕድሜዎቹን ቁልቁል አነበበች፤ ሠላሳ ሁለት፣ አርባ አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ስልሳ ሦስት። ዜሮና አምስት ከሌላው ቁጥር አይበዙም።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሁሉንም ኃላፊው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ሥር ቆመች፤ ተቀመጪ ብትባልም እንቢ አለች።

«ደክሞኛል፤ እናንተም ደክሟችኋል፤ ስለዚህ አላስረዝመውም» አለች መርማሪዋ። «መሰላሉ ወረቀት ላይ ቆሟል። እንግዲህ አራሚው ከመሰላል አልወደቁም፤ ከወደቁ በኋላ ነው መሰላል የመጣላቸው። ያጣላው ምንድን ነው? ይህ ጥቅል። ዕድሜዎቹ በሁሉም ቁጥር እኩል ተከፋፍለዋል። እሳቸው ይህን ሲያዩ ሐሰት መሆኑ በአንድ ገጽ ይገባቸዋል።»

«የመስክ ሰዎች ያጭበረብራሉ» አለ ኃላፊው። «ያለ ነገር ነው።»

«መንደር የለመደ የመስክ ሰው ቢያጭበረብር ዜሮና አምስት ያበዛ ነበር፤ ሰው እንዴት እንደሚመልስም፣ አራሚው በምን እንደሚይዙም ያውቃላ። ዜሮና አምስት ሲበዛ ጉድለት ነው ብሎ የሚያስተካክል፣ ሰውን በሰንጠረዥ ብቻ የሚያውቅ ነው።»

እግረኛው «እውነት ነው» አለ።

«ቀጥሎ ቅጹ ጉልበት ላይ አልተጻፈም። እንጨት ጠረጴዛ ላይም አይደለም፤ እንጨት ቢሆን ጀርባው ይጎረብጥ ነበር። ጠንካራና ልስልስ ነገር ላይ ነው የተጻፈው። እዚህ ሕንፃ ውስጥ መስታወት የለበሰ ጠረጴዛ አንድ ነው።»

ኃላፊው ክርኑን ከመስታወቱ ላይ አነሣ።

«ሦስተኛ፣ ሾፌርዎ ትናንት ብቻውን ነው የወጣው። የመጨረሻው ከአፍዎ የወጣ ነው። አርባ ሦስተኛውን አወርዳለሁ ብሎ ሞተ አሉኝ። እኚህ ሴት ግን ጥቅሉን ሰው ሳይመጣ መደርደሪያው ላይ መልሰውታል፤ ለማንም አልተናገሩም። እርስዎ የደረሱት ሬሳው ከተነሣ በኋላ ነው። መሬት ላይ የነበረው አርባ ሦስት መሆኑን የሚያውቀው የበተነው ነው።»

መርማሪዋ ከኃላፊው ወንበር ጀርባ ወዳለው ቁም ሣጥን ዞረች።

«ዋናዎቹ ቅጾች እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው አይደል?» አለች ለስለስ ብላ።

ኃላፊው ቀና ብሎ አያት፤ እንደ ተሰደበ ሰው ነው ያያት። «ታዲያ የተሞላ ቅጽ እንዴት ይቃጠላል?»

ጽሑፍ አስገቢዋ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

«የገፋሁት እንዲሞት አይደለም» አለ ኃላፊው። «እጄን ቢለቀኝ ኖሮ። ጭንቅላቱ የመደርደሪያውን ብረት መታው። ሁለት መቶ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱ ሲስተካከል የአገሩ የሕፃናት ሞት ቁጥር ካሰብነው በታች ይወርዳል። የሞቱት ልጆች ቢጻፉ አይነሡ።»

«ያቺ ሁለት የቀበረች ሴት የነገረችኝ ጤና ጣቢያ ይሠሩልን ይሆናል ብላ ነው» አለ እግረኛው። «ሞት ያልተጻፈበት መንደር ተራው አይደርሰውም። አሁን ተመልሼ ‹ሁለት ሞተውብሻል ወይ› ብዬ ልጠይቃት?»

«አያስፈልግም» አለች መርማሪዋ ቁም ሣጥኑን እየከፈተች። «የነገረችህ እዚህ አለ።»

ጥቅሉ በሲባጎ በጥንቃቄ ታስሯል፤ ወረቀቱ ተበስቷል፣ አቧራው አልለቀቀውም። እግረኛው የሴትዮዋን ቅጽ አገኘና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ ቆየ። አራት። በሕይወት ያሉ፣ ሁለት።

ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ሲሆን ሁለት ፖሊሶች ኃላፊውን ይዘው ደረጃውን ወረዱ። የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ። ልጇ ነው። «ዳቦ የለም፤ ስትመጪ ይዘሽ ነይ» ብሎ ዘጋው።

የጽዳት ሠራተኛዋ አሁንም በሩ ሥር ናት።

«እኔስ?» አለች።

«እርስዎማ ወደ ቤትዎ ነዋ፣ እትዬ። ልጆቹ ይጠብቃሉ።»

ሴትዮዋ የቀረው ሰው እስኪወጣ ጠበቀች፤ መስኮቱን ዘጋች፤ መብራቱን አጠፋች። ከዚያ ከወገቧ የቁልፍ ዘለላዋን ፈትታ ትክክለኛውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሳተችና በሦስተኛው አገኘችው። በሩን ቆለፈች፤ መያዣውን ገፋ አድርጋ መቆለፉን አረጋገጠች።