ሁለተኛው ብሌን

ነርሷ መርፌውን ልትሰካ የልጅቷን ክንድ ስትዳብስ ዶክተሯ ገቡና «ቆይ፣ አትውጊያት» አሉ።

ልጅቷ አልጋው ላይ ቀና አለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ «ሚጡ» ይላታል። አምና ግራ ዓይኗ ላይ ከሟች ለጋሽ የተወሰደ ብሌን ተተክሎላት፣ ለጥቂት ወራት ሰሌዳውን ከመጨረሻው ወንበር አንብባ ነበር። ከዚያ ሰውነቷ ባዕድ ነህ ብሎ ገፋው፤ ብሌኑ ጉም መሰለ። አሁን ቀኙም የግራውን መንገድ ይዟል። ጓደኞቿን መንገድ ላይ ሳታያቸው ስታልፍ «ላሽ አለችን፣ ኮራች» ይላሉ። እሷም አይታየኝም ከማለት ኩሩ መባልን መርጣ ዝም ብላለች። የትምህርት ቤቱ ፈተና ደግሞ ደርሷል።

ጠዋት «ለግራ ዓይኗ ሌላ ብሌን ተገኝቷል» ተብሎ ሲደወል፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ አባቷ መሪውን ለባልደረባው አስረክቦ እየበረረ ነው የመጣው።

«ምን ሆነ ዶክተር?» አለ።

ዶክተሯ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ብሌኑን በማጉያ መሣሪያ አየሁት። ከውስጥ በኩል ውሃ እያስወጡ ጥራቱን የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ፤ ከሞቱ አይተኩም። እዚህኛው ላይ በጣም ሳስተዋል።»

«ታዲያ አያሳይም?»

«ያሳይ ይሆናል። ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ መደፍረሱ አይቀርም። ንቅለ ተከላው በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ዓይኑ የሚመጣውን ይበልጥ ይገፋል።»

«ይሄን ብንተወው ሌላ መቼ ይገኛል?»

«አላውቅም። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

አባቷ በሁለት እጁ ፊቱን አሸ። «በቃ ይተከልላት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። ሚጡ ግን ሳቀች፤ ሳቁ መሃል መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ስትረጋጋ ዶክተሯ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓመት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስንት መጽሐፍ ይነበብበታል፣ የስንት ሰው ፊት ይታይበታል።

«አልፈልግም» አለች።

«ሚጡ» አለ አባቷ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ቀኝሽም ቢጠፋስ?»

«እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም አባዬ። ግን አምና በየማለዳው ስነቃ መስኮቱን ነበር የማየው፤ ዛሬ ደበዘዘ፣ ዛሬ ባሰበት እያልኩ። እሱን ደግሜ አልችልም። ከሱ በኋላ ደህና ብሌን ቢመጣ ዓይኔ እንቢ ሊለው ነው።»

«ፈተናውስ?»

«ሰው እያነበበልኝ እፈተናለሁ። አይታየኝም ብዬ እነግራቸዋለሁ።» ወደ ዶክተሯ ድምፅ ዞረች። «ከወረፋው አያስወጡኝም አይደል?»

«አላስወጣሽም። እስከዚያ ቀኙን ዓይንሽን አብረን እንከታተለዋለን።»

አባቷ ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነርሷ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

ሚጡ ከአልጋው ወረደችና የኦፕራሲዮኑን ጋዋን ልታወልቅ ወደ ጀርባዋ እጇን ሰደደች። ክሩ ተወሳስቦ ኖሮ ቋጠሮው አልላላላት አለ። ስትታገል ቆይታ አባቷ ከኋላዋ መጣ፤ ጣቶቿን ቀስ አድርጎ ገለል አደረገና ቋጠሮውን ራሱ ይፈታላት ጀመር።