ከወፏ ጀርባ

የሃልቨር ሬሳ ከጓሮው ተነስቷል፤ ቢጫው መሰላል ግን እንደወደቀ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። መርማሪ ሬናታ በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ ዳር ወዳለው ቤቱ ስትደርስ፣ የሟቹ የእህት ልጅ ሲግኒ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሊያስሩኝ ከሆነ ካቴናውን ያውጡት። እያለቀስኩ አልለምንዎትም።»

«አለቃዬ እስከ ማታ አምጪያት ብሎኛል» አለች ሬናታ ሳትደብቅ። «ትናንት ከአጎትሽ ጋር ተጣልታችኋል፤ ቤቱን የምትወርሺውም አንቺ ነሽ።»

«በዚህ ዕድሜህ መሰላል አትውጣ ብዬ ነው የጮህኩበት!»

«ጩኸቱንማ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል» አሉ ጎረቤቷ ሚስስ በርኒስ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው። «ያሳደገሽን ሰው! አታፍሪም?»

«ያላደረግኩት ነገር አያሳፍረኝም።»

ሬናታ ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። የመሰላሉ እግሮች ሣሩን እየላጡ ወደ ኋላ ተንሸራተዋል፤ ከኋላቸውም የሰው ተረከዝ አፈሩን ቆፍሯል። ሰው ስቦታል። ፊት ለፊቱ፣ ሃልቨር ለወፎች ማረፊያ የተከለው የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ ቆሟል። ሰሞኑን መንገድ ስታ ከምዕራብ የመጣች፣ ደረቷ ብርቱካናማ የሆነ ብርቅ ወፍ እዚያ ታርፍ ነበር።

ሁለት ቤት አልፎ የሚኖረው የሟቹ የፎቶ ማኅበር ባልደረባ ፕሬስኮት ስልኩን ይዞ ቀረበ።

«እኔ ጠዋቱን ሙሉ ከጓሮዬ አልወጣሁም። ይኸው፣ ወፏ እኔም ጋ መጥታ አነሳኋት። ሬሳው ሳይገኝ ነው ለማኅበሩ የላክሁት።»

ፎቶው ያምራል። ከወፏ ጀርባ ያለው ሁሉ ሟሙቶ ለስላሳ አረንጓዴ ሆኗል፤ በመሃሉ አንድ ቢጫ መስመር አግድም ዘንበል ብሎ ያልፋል።

«ጀርባው እንዴት እንዲህ ጠራ?» አለች ሬናታ።

ፕሬስኮት ደረቱን ነፋ። «ሃልቨር ይሄ ነበር የማይገባው! ወፏ ከጀርባዋ ካለው ነገር መራቅ አለባት። ካሜራው በወፏ ዓይን ልክ ዝቅ ይላል። የማይፈለግ ነገር ከገባ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ነው።»

«ቢጫዋስ?»

«የረገፈ ቅጠል ናት። ዓይንን ይዛ ወደ ወፏ ትወስዳለች። ቅንብር ማለት ይሄ ነው፣ እመቤቴ።»

ሬናታ ሦስቱንም ቅርንጫፉ ዘንድ ጠራቻቸው። ቅርንጫፉ ላይ በወፏ ምትክ ፖም ሰክታ፣ ሲግኒ ከቤት ባመጣችላት የሃልቨር ካሜራ ተንበርክካ አነሳችና አሳየቻቸው። ያው አረንጓዴ፣ ያው ቢጫ መስመር፣ ያው ዝንባሌ።

«ቅጠል በቀጥታ መስመር አይረግፍም» አለች ወደ ፕሬስኮት ዞራ። «ጀርባው ስለደበዘዘ ቦታው አይታወቅም ብለው ተማምነዋል። እውነትም አጥሩና ቤቱ ጠፍተዋል። መሰላሉ ግን ቀለሙን አልለቀቀም። መሰላሉ የተጋደመው ሃልቨር ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ይህ ፎቶ የተነሳው እዚህ፣ ከውድቀቱ በኋላ ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ ያሉት ደግሞ ራስዎ ነዎት።»

«አጎቴስ?» አለች ሲግኒ። «መሰላሉ ከታየ እሱ ለምን አልታየም?»

«አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ከፎቶው አስወጥተውታል።»

ፕሬስኮት ስልኩን ዝቅ አደረገ። «ከጓሮህ ወፏን ላንሳ ብዬ ለመንኩት። ከላይ ሆኖ ሳቀብኝ፤ መሰላሉን ሳብኩት። ከዚያ ወፏ መጣች… ምን ላድርግ?»

«አምቡላንስ መጥራት ነበረብህ!» ጮኸች ሲግኒ።

ፕሬስኮት ተይዞ ሲወጣ ሚስስ በርኒስ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ…» አሉ በሹክሹክታ።

«እዚህ አይደለም» አለች ሲግኒ ቀና ብላ። «ቀብሩ ላይ ይምጡና ሰፈሩ በሙሉ እየሰማ ጮክ ብለው ይበሉት።»