የአባት ሁኔታ

«ይህችን መስመር ባዶ ትተሽ ማኅተም አልመታልሽም» አለ ጓድ ሞገስ፣ በእስክሪብቶው ጫፍ ቅጹን እየነካካ። «ይኸው፣ ‹የእናት ሁኔታ› የሚለውን ሞልተሻል። ‹የአባት ሁኔታ› የሚለውስ?»

ደብሪቱ የምታየው መስመሩን ሳይሆን አውራ ጣቱን ነበር። ከማኅተም ቀለም ብዛት ጥፍሩ ሳይቀር ወይን ጠጅ ሆኗል። ጓድ ሞገስ የቀበሌው ጸሐፊ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያንን ጣት ሳያይ ከዚያ ሰፈር ወደ ሥራም ወደ ትምህርትም ያለፈ ሰው የለም።

«አናውቅማ» አለች ቀስ ብላ። «የት እንዳለ አናውቅም።»

«እሱን ከጻፍሽ ‹ለምን አይታወቅም?› የሚል ይመጣል። ‹ታስሯል› ካልሽ ደግሞ እኔም አልፈርም፣ ሊቀጥርሽ ያሰበው ጠበቃም አይቀበልሽም።» ወደ በሩ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ለራስሽ ብዬ ነው። ‹በሞት የተለዩ› በይና ውጪ። ስለ ሞተ ሰው ማንም አይጠይቅሽም።»

የሥራ ቦታው አንድ ብቻ ነበር። የታይፕ አስተማሪያቸው መምህርት እህተማርያም፣ ጠበቃ ግዛቸው ለክረምቱ አንድ ተለማማጅ እንደሚፈልጉ ለክፍሉ ስትናገር አሥራ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ጠበቃው ሁሉንም በየተራ የጽሕፈት መኪናው ፊት አስቀምጠው አንድ ገጽ አቤቱታ አስገለበጧቸው። ያለ ስሕተት የጨረሰችው ደብሪቱ ብቻ ነበረች።

«ለምን ጠበቃ ቤት መረጥሽ?» ብለው ጠየቋት ያን ቀን። «ባንክ አለ፣ እርሻ ሚኒስቴር አለ።»

«አቤቱታ መልስ እንዲያገኝ ተደርጎ እንዴት እንደሚጻፍ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አቶ ግዛቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። ከዚያ «የድጋፍ ደብዳቤና የሕይወት ታሪክ ቅጽ ከቀበሌሽ አምጪ። እስከ ዓርብ ከሰዓት» አሉ። ይኸው ዛሬ ዓርብ ነው።

አባቷ አቶ ደምሴ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። በ1970 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉት። የእስክሪብቶውን ክዳን እንኳ ሳይገጥም ተነሥቶ ሄደ። እናቷ ዘነበች ለአራት ወር ስንቅ አመላለሰች። በአምስተኛው ወር የእስር ቤቱ በር ጠባቂ «እዚህ የለም» ብሎ ሳህኑን መለሰላት። የለም አለ እንጂ ሞተ አላለም። ዘነበች ያችን ቃል ይዛ ሰባት ዓመት ኖረች። በየክረምቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚጽፍ ሰውዬ ዘንድ ሄዳ አቤቱታ ታስጽፋለች፤ ከቀበሌ የነዋሪነት ደብዳቤ ታያይዝና ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። አንድም ቀን መልስ አልመጣላትም። ጥቁር ግን አልለበሰችም፤ ለቅሶም አልተቀመጠችም።

«ምነው ቆየሽ? የሰርግ ጥሪ ነው እንዴ የምትጽፊው?» ሙሉጌጥ በቀበሌው ቢሮ መስኮት አንገቷን አስገባች። ጓደኛዋ ናት፤ በጠበቃው ፈተና ስትወድቅ ከማንም በላይ የሳቀችው ራሷ ነበረች።

ደብሪቱ ወደ መስኮቱ ሄዳ ነገሩን አንሾካሾከችላት።

«እና? ጻፊዋ!» አለች ሙሉጌጥ። «ወንድሜ ‹አባቴ ጭሰኛ ነበር› ብሎ አይደል እንዴ መምህራን ማሠልጠኛ የገባው? አባባ ወፍጮ ቤት ነበረው! ሰፈሩ በሙሉ እኛ ጋ ነበር የሚያስፈጨው።»

«ወንድምሽ አባቱን አልገደለም።»

«ኧረ አትጃጃይ ደብሬ! ወረቀት እኮ ነው። ወረቀት ሰው አይገድልም።»

ደብሪቱ ተመልሳ ተቀመጠች። እስክሪብቶው ከጓድ ሞገስ እጅ ሞቆ ነበር። «በሞት የተለዩ» ብላ ጻፈች፤ ያለወትሮዋ ፊደሉን አሳነሰችው። ማኅተሙ ዷ! አለ።

ዘነበች ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። ልጇ ጠበቃ ቤት መግባቷን ስትሰማ በሳሙና የተቆራረጡ እጆቿን አፏ ላይ ጫነች።

«እንግዲያ ዘንድሮ ጃንጥላው ሥር ያለው ሰውዬ ዘንድ አልሄድም። የኔን አቤቱታ የምትጽፊልኝ አንቺ ነሽ። በታይፕ!»

«ትንሽ ልልመድ እማዬ» አለች ደብሪቱ፣ ዐይኗን ሰብራ።

የጠበቃው ቢሮ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ሁለት ጠባብ ክፍል ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚያንባርቅ ባለጉዳዮች ምሥጢራቸውን እየጮኹ ይናገሩ ነበር። አቶ ግዛቸው ከመሳቢያቸው ቆሎ እየዘገኑ ሥራውን አሳዩአት። በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦኑ በየት በኩል እንደሚገባ። መዝገብ በዓመትና በስም እንዴት እንደሚደረደር። አንድ ማመልከቻ የትም መሥሪያ ቤት ሲገባ የገቢ ቁጥር ካልተጻፈበት እንዳልገባ እንደሚቆጠር።

«ቁጥር ሳትቀበዪ ከበር እንዳትወጪ» አሏት። «ቁጥር የሌለውን ወረቀት ‹አላየንም› ይሉሻል።»

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ መዝገብ እየጠረዘች፣ እንደዋዛ ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ ሰው የተሳሳተ ነገር ጽፎ ቢፈርም ምን ይደረጋል?»

«በሌላ ወረቀት ያነሣዋል። ‹በዚህ ቀን የሰጠሁት ቃል ትክክል አይደለም› ብሎ፣ ይፈርምበታል። ግን ማንም አያደርገውም።»

«ለምን?»

«የሚያነበው ሰው ዛሬ እውነት መናገርሽን መች ያያል? ያኔ መዋሸትሽን ነው የሚያየው።» ቆሏቸውን ቆረጠሙ። «ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው።»

በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጫማዋ በጭቃ ከብዶ ወደ ቤት ስትመለስ፣ ከመታጠፊያው ጀምሮ ለቅሶ ሰማች። ‹ማን ሞተ?› አለች በልቧ። ከሰፈሩ እትዬ ወርቄ ታመው ነበርና እሳቸውን ጠረጠረች። እትዬ ወርቄ ግን የእነ ደብሪቱ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ አድርገዋል።

ጎረቤታቸው እትዬ አበበች ሮጠው አቀፏት። «አይዞሽ የኔ ልጅ! ይህን ሁሉ ብቻሽን ይዘሽው ኖረሻል?»

ውስጡ ተለውጧል። አልጋው ተነሥቶ ፍራሽ መሬት ላይ ተዘርግቷል። እናቷ ከማን እንደተዋሰችው የማይታወቅ ጥቁር ለብሳ መሀል ተቀምጣለች። ደረቷን መትታ መትታ ድምፅዋ ጠፍቷል። ደብሪቱን ስታይ እጇን ዘረጋች።

«ለምን ደበቅሽኝ? ይህን ከሞገስ ልስማ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘነበች ለልጇ ሁሉን አዘጋጅታ ልትጠብቃት ብላ፣ የዘንድሮውን ደብዳቤ ልታወጣ ቀበሌ ሄደች። ጓድ ሞገስ የቤተሰቡን ፋይል ሲከፍት የደብሪቱ ቅጽ ከላይ ነበር። «ልጅሽ ሞቷል ብላ ጽፋ፣ እኔ ደግሞ በሕይወት አለ ብለሽ እንድትፈልጊው ማኅተም ልምታ?» አላት። ዘነበች ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ባሏ ከሄደ በኋላ ነው። ፊደሉን እየቆጠረች በራሷ አፍ አነበበችው። የልጇን እጅ ጽሕፈት ታውቀዋለች። ጠበቃ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ብዙ ወረቀት ያያል። ‹አየች፣ አወቀች፣ ለኔ መንገር አቃታት› አለች በልቧ። መርዶዋን እንዲህ ሰማች።

ቤቱ ሙሉ ሰው ደብሪቱን ያያል። እንድታለቅስ እየጠበቋት ነበር። ብታለቅስ ሁሉም ነገር እዚያው ባለቀ። አባቷ በአርባው ተዝካሩ ይወጣል፤ እሷም ነገ ሥራዋ ትሄዳለች። እውነቱን የሚያውቁት ሙሉጌጥና ጓድ ሞገስ ብቻ ናቸው። ሁለቱም አይናገሩም። ለአንድ አፍታ አፏን ለለቅሶ ከፍታ ነበር።

«ማንም አልነገረኝም» አለች። «ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

«ምን ትላለች ይቺ?» አሉ እትዬ አበበች።

«ጠበቃው ነገረሽ?» እናቷ በጉልበቷ ተጠጋች። «ወረቀት አየሽ? ከአዲስ አበባ የመጣ ወረቀት አለ?»

«የለም እማዬ። ለሥራው ነው። ቀበሌ፣ መስመሩን ባዶ መተው አይቻልም ተባልኩ። የማውቀው ነገር የለም።»

አንዲት ሴት ለቅሶዋን መሀል ላይ ዋጠችው። ሰው ሲሞት ‹እግዜር ያጥናችሁ› ይባላል፤ ለዚህኛው የሚባል ነገር አልነበረም። መጀመሪያ እትዬ ወርቄ ጃንጥላቸውን ፈልገው አነሡ። ሌሎቹም ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ጫማቸውን በር ላይ በእግራቸው እየፈለጉ፣ አንድ በአንድ ወጡ። እትዬ አበበች ያመጡትን ንፍሮ ይዘው ይመለሱ ወይስ ይተዉት ግራ ገባቸው፤ መጨረሻ ላይ ትተውት ሄዱ።

ዘነበች ጥቁሩን በላይዋ እንዳለ ፍራሹ ላይ ቀረች። ደብሪቱ ትመታኛለች ብላ ጠበቀች። መምታቱ ይሻል ነበር።

«ሰባት ዓመት እንባዬን አምቄ ኖርኩ» አለች እናቷ በጠፋ ድምፅዋ። «ካለቀስኩ እኔ የገደልኩት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አወጣሁት። ቀለለኝ እኮ ደብሪቱ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለለኝ።» ቀና ብላ አየቻት። «አሁን እንደገና ልጠብቀው?»



በማግሥቱ ማልዳ ቢሮውን በተሰጣት ቁልፍ ከፈተች። የጽሕፈት መኪናውን ልብስ ገፍፋ ሦስት ወረቀትና ሁለት ካርቦን አስገባች። 

«ጉዳዩ፦ የሰጠሁትን ቃል ስለማረም። በቀበሌው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ አባቴ አቶ ደምሴ በሞት የተለዩ ናቸው ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው። የጻፍኩትም ሥራ ለማግኘት ብዬ ነው። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እኔም እናቴም አናውቅም። የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ካለ እንዲነግረን አመለክታለሁ።»

አቶ ግዛቸው ካፖርታቸው እየተንጠባጠበ ገቡ። ከኋላዋ ቆመው አነበቡ። ሲያነቡ ትንፋሻቸው ይሰማታል።

«የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጪያት» አሉ። «ትጎዳሻለች።»

«እሷን መጻፍ ልማር ነው የመጣሁት ጋሼ።»

አቶ ግዛቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ይህ ከገባ ላቆይሽ አልችልም። የጥብቅና ፈቃዴ በመስከረም ይታደሳል። ገባሽ?» አሉ።

«ገብቶኛል።»

መሳቢያቸውን ሳቡ፤ ቆሎ ግን አልዘገኑም፤ መልሰው ዘጉት። ደብሪቱ ወረቀቶቹን ልታወጣ ስትል ጣታቸውን በገጹ ራስጌ ላይ አሳረፉ።

«ቀኑን ረስተሻል» አሉ።

መልሳ አስገብታ ቀኑን ጻፈች። ሦስቱንም ፈረመች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አንዱን ቅጂ ለእናቷ አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ቀበሌ ስትደርስ ጓድ ሞገስ ወረቀቱን እስከ ሁለተኛው መስመር ብቻ አነበበ። ወይን ጠጁን ጣቱን ጭኖ ቀስ እያለ ወደ እሷ ገፋው።

«ይህን አላየሁትም። ሰምተሻል? ውሰጂውና ሥራሽ ሂጂ። ትናንት የሆነውን ሰው ይረሳዋል።»

«የገቢ ቁጥር ይጻፉልኝ።»

«ደብሪቱ፣ ኋላ ትጸጸቻለሽ።»

«ቁጥሩን ይጻፉልኝ ጓድ ሞገስ።»

«ዛሬ ስብሰባ አለብኝ። ነገ ነይ።»

ደብሪቱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ተወችው። ግድግዳው ሥር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ሄዳ፣ እርጥብ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ ተቀመጠች።

«እጠብቅዎታለሁ» አለች።